ሻሼና የጋሽ ኢስሃቅ መዳፍ

ዳንግላ ገበያ ዳር፣ ከጋሽ ኢስሃቅ የጨው መደብር በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን አስቀምጬ መሥራት ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። እኔ ቀሚስ አሳጥራለሁ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ እሳቸው ከጀርባዬ ጨው ይሸጣሉ። በዚህ ሁሉ ዘመን ጋሽ ኢስሃቅ ከሹፌር ጋር ሲጨቃጨቁ፣ ሚዛኑን ሲራገሙ፣ ልጃቸውን ጫግኒ ሲድሩ አይቻለሁ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ግን አንድ ቀን ብቻ ነው። ያውም ለድመት።

ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ። እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር።

ጋሽ ኢስሃቅ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። አባታቸውም ጨው ሻጭ ነበሩ። ለሰው የተፈጨውን፣ ለከብት ደግሞ እንደ ድንጋይ የጠጠረውን የሚላስ ጨው ይይዛሉ። ባላገሩ በአውኚ ሲያናግራቸው በአውኚ ይመልሳሉ፣ በአማርኛ ሲመጣባቸው በአማርኛ፤ መልሳቸው ግን በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው። “በሬዬ ሣር እምቢ አለኝ” ሲሏቸው “ጨው አልሰውታል?” ይላሉ። “ፈረሴ ከሳብኝ።” “ጨው!” “ላሜ ወተት ነሳችኝ።” “ጨው ነዋ!” እየመዘኑም “ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ይሉሃል” እያሉ ይተርታሉ። ደግሞም ይሠራል። እኔ የባላገር ልጅ ነኝ፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው የተወለድኩት። አባቴ ፈረሳችን ምግብ ሲቀንስ በመዳፉ ጨው ያልሰው ነበር፤ ፈረሱም ውሃ ግጥም አድርጎ ጠጥቶ በሳምንቱ ይነሳል። ስለዚህ ጋሽ ኢስሃቅን የምጠረጥርበት ምክንያት አልነበረኝም።

ድመቷ የመጣችው የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ጨው በጫነ መኪና ነው። ጆንያ ሲራገፍ ከመካከል ጡጫ የምታክል ግራጫ ነገር ወጣች። አናቷ ላይ ብቻ ሻሽ ያሰረች ይመስል ነጭ ነው። ሹፌሩ የት እንደተሳፈረች ሲጠየቅ “እኔ ምን አውቄ! መንገደኛ ትሆናለች” አለ። ጋሽ ኢስሃቅ ሻሼ አሏት፤ መደብሩ ውስጥ ቀረች።

“ጋሼ፣ ጨው የሚበላ አይጥ የት አይተው ነው ድመት የሚቀልቡት?” አልኳቸው።

“ያንቺን ጨርቅ እንድትጠብቅ ነው።”

ጨርቄንማ ጠበቀችው! ገና ያልተቆረጠ ቴትሮን መርጣ ትተኛበታለች። የደንበኛ ልብስ በፀጉር ተሞልቶ ስንት ጊዜ ሰው አኮረፈኝ። በሜትር እንጨቴ አባርራታለሁ፣ ተመልሳ ትመጣለች። እውነቱን ልናገር፣ ለብዙ ዓመት ጠላኋት።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ማታ ሊዘጉ ሲሉ የጋሽ ኢስሃቅ እጅ ቀኑን ሙሉ ጨው ሲዝቅ ስለሚውል ነጭ ይሆናል። ጆንያ ላይ ይቀመጡና ቀኝ መዳፋቸውን ይዘረጋሉ። ሻሼ ካለችበት መጥታ መዳፋቸውን ትልሳለች። ከጣት እስከ ጣት፣ በደንብ፣ ሥራዬ ብላ። ከዚያ በኋላ ነው በሩ የሚዘጋው። “ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ” እያልኩ አሾፍባቸዋለሁ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዋሲላም “እኔ ሁለተኛ ሚስት አልፈቅድም ብል መደብር ውስጥ አስቀመጣት” ይላሉ።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ሻሼ ከሳች። ጀርባዋ ላይ አጥንቷ ይቆጠር ጀመር። ወተቷን ትታ ልብስ ስተኩስ ከምረጭበት ባልዲ ውሃ ትጠጣለች፤ አባርሬያት ዞር ስል ተመልሳ ትጠጣለች። አፏ መጥፎ መሽተት ጀመረ። ጋሽ ኢስሃቅ ሁለት ቀን ዝም ብለው አዩዋት። በሦስተኛው ቀን ለሁሉም የሚሉትን አሉ።

ቆንጠር አድርገው ጨው ወተት ውስጥ በጠበጡ። እኔ በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ያዝኳት፣ እሳቸው አፏን ከፍተው በማንኪያ አጠጧት። ጠዋትና ማታ። ድመቷ ትታገላለች፣ ትጮሃለች፣ እኛ “ለራስሽ ነው” እንላታለን። ከባልዲዬ የምትጠጣው ውሃ በእጥፍ ጨመረ። እኛም ደስ አለን! ከብት ጨው ልሶ ውሃ ከጠማው መዳኑ ነዋ። “አየሽ የምሥራች፣ ሥራውን ጀመረ” አሉኝ ስሜን ጠርተው። እኔም “ጀመረ ጋሼ” አልኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ አደረግናት።

አንድ ቀን ጠዋት ሻሼ ጆንያ ላይ ልትወጣ ዘለለች፤ ሳትደርስ ወደቀች። ሁለተኛ አልሞከረችም። እዚያው መሬት ላይ ተጋድማ ጋሽ ኢስሃቅን አየቻቸው።

እዚህ ያሉትን የከብት ሐኪም ብንጠይቅ “እኔ የበሬ እንጂ የድመት ሰው አይደለሁም፤ እንጅባራ አንዲት ዶክተር አለች፣ እሷ ድመትም ውሻም ታያለች” አሉን። በማግስቱ መደብሩ ተዘጋ። ሻሼን በቀርከሃ ቅርጫት አድርገን፣ ላዩን በጨርቅ ሸፍነን ሚኒባስ ተሳፈርን። አዲስ ቅዳም ከተማን ሳናልፍ ከቅርጫቱ ውስጥ ድምፅ መጣ።

“አባባ፣ ዶሮ ነው የያዙት?” አለ ረዳቱ።

“ሕመምተኛ ናት” አሉ ጋሽ ኢስሃቅ።

መኪናው በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ “ሰው መድኃኒት ባጣበት ጊዜ ድመት ለማሳከም!” ብሎ አጉረመረመ። እኔ ራሴ ጠዋት ከቤት ስወጣ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው ግን ደሜ ፈላ። ዞር ብዬ “የታመመ ማሳከም ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? አንተስ ስትታመም እንዲህ የሚይዝህ ሰው አለህ?” አልኩት። ጋሽ ኢስሃቅ እጃቸውን ቅርጫቱ ውስጥ እንዳስገቡ ውጭ ውጭውን ለከሰል የሚተከለውን የዲከረንስ ጫካ ያያሉ።

እንጅባራ ጉም ነበር። የእንስሳት ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ፈረሶችና በሬዎች ተሰልፈዋል፤ እኛም ከቅርጫታችን ጋር ተሰለፍን። ከፊታችን ፈረስ የያዙ አንድ ሽማግሌ ወደ ቅርጫቱ አጎንብሰው አዩና “ከስታለችሳ! ጨው አልሰጣችኋትም?” አሉ።

“ሰጥቻለሁ እንጂ! ሦስት ሳምንት ሙሉ!” አሉ ጋሽ ኢስሃቅ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

ዶክተሯ በር ላይ ቆማ ሰማች። ሰርክአዲስ ትባላለች፤ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ቦቲ ጫማ ያደረገች፣ እጀታዋን እስከ ትከሻዋ የሰበሰበች ልጅ ናት። አስገባችን። ሻሼን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ የአንገቷን ቆዳ ቆንጥጣ ለቀቀችው። ቆዳው ተመልሶ አልተኛም፤ እንደታጠፈ ጨርቅ ቆሞ ቀረ። ዕድሜዋን ጠየቀች፣ ነገርናት። ሆዷን ዳሰሰች፣ አፏን ከፍታ አሸተተች። ከዚያ ከእግሯ ትንሽ ደም ቀዳች።

“እኛ ጋ ደም የሚመረምር ማሽን የለም። ከተማ ውስጥ አንድ የሰው ላቦራቶሪ አለ፣ ውሰዱላቸው” አለችና ወረቀት ጻፈች። ወረቀቱ ላይ ያለ ስም አይቀበሉም ብላ “ሻሼ ኢስሃቅ፣ ዕድሜ 14፣ ጾታ ሴት” ብላ ሞላችው። የእንስሳ መሆኑን የት ትጻፈው? ቦታም የለው።

ላቦራቶሪው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን፣ ቅርጫቱን ከአግዳሚው ሥር አድርገን ጠበቅን። ከሰዓት በላይ ቆይቶ ነጭ ጋዋን የለበሱ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰውዬ ወረቀት ይዘው ወጡ። ፊታቸው ልክ አልነበረም።

“የሻሼ ቤተሰብ?”

ተነሳን። ሰውዬው ጋሽ ኢስሃቅን አዩአቸው። “አባቷ እርስዎ ነዎት?”

ጋሽ ኢስሃቅ ወደ ቅርጫቱ አዩ። “አዎ” አሉ።

“ይቀመጡ። ይቀመጡ አባባ። ኩላሊቷ በጣም ተጎድቷል። እኔ በአሥራ አራት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ቁጥር አይቼ አላውቅም። ዛሬውኑ ባሕር ዳር መድረስ አለባት። እንዴት እስከዛሬ ዝም አላችሁ? አሁን የት ናት ልጅቷ?”

ከአግዳሚው ሥር ሻሼ ጮኸች።

ሳቄ መጣ። የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ ያዝኩት። ጋሽ ኢስሃቅ ግን ጎንበስ ብለው ቅርጫቱን አነሱ፣ ጉልበታቸው ላይ አደረጉት፣ ጨርቁን ገለጡት። “ይቺ ናት” አሉ። “ጨው ያበላኋት እኔ ነኝ። እምቢ እያለችኝ። አፏን ይዤ።” ከዚያ አለቀሱ። እንደ ልጅ፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ሰው በሞላበት ክፍል። የኔ ሳቅ እዚያው ደረቀ። እግሯን ጠፍንጌ የያዝኳት እኔ አልነበርኩ?

ሰውዬው ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ቅርጫቱ ውስጥ ያለችውን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ጋሽ ኢስሃቅ ትከሻ ላይ አድርገው “ይማርልዎት አባባ” አሉና ወረቀቱን ሰጡን። እስከዛሬ በጸሎቴ የማስባቸው ሰው ናቸው፤ ስማቸውን እንኳን አላውቅም።

ክሊኒክ ስንመለስ ጋሽ ኢስሃቅ ሌላ ነገር አልጠየቁም። “ልጄ፣ የገደላት ጨው ነው?”

“ጨው አላሳመማትም” አለች ዶክተር ሰርክአዲስ። “በሽታው የእርጅና ነው፣ ቀድሞም ነበረባት። ያን ሁሉ ውሃ የምትጠጣው ኩላሊቷ ውሃ መያዝ ስላቃተው ነው። በዚያ ላይ ጨው መስጠት ግን የደከመች አህያ ላይ ጭነት መጨመር ነው። አልዋሽዎትም አባባ፣ አብሶባታል። አትድንም። ግን ከረዳናት ቀን እንጨምርላታለን፤ ደህና ቀን።”

ከመደርደሪያው የሰው ግሉኮስ የሚመስል የላስቲክ ከረጢት አወረደች። ጋሽ ኢስሃቅ መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩት። “ምንድን ነው ያለበት?”

“ውሃና ጨው።”

ተነሥተው ቆሙ። “ልጄ፣ ታላግጪብኛለሽ?”

“ኧረ በፍጹም! በአንድ ሊትር ውሃ ዘጠኝ ግራም ጨው ነው፣ ልክ እንደ ደማችን። በቆዳዋ ሥር ሲገባ ሰውነቷ ውሃውን ይይዘዋል። ቢበዛ ይጎዳታል፣ ጭራሽ ባይኖርም ይጎዳታል። ልኩ ነው መድኃኒቱ።”

“ዘጠኝ” አሉ ጋሽ ኢስሃቅ። “ዘጠኝ ግራም።” ዕድሜያቸውን ሙሉ ለታመመ ሁሉ በእፍኝ ሲሰጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ቆንጥረው ሰጧት እንጂ አልመዘኑላትም። መደብራቸው ውስጥ ያለው ሚዛን ዘጠኝ ግራም አያነብም።

ትእዛዙ ይህ ነበር፦ በየሁለት ቀኑ ከቆዳዋ ሥር ውሃ መስጠት፤ የተቀቀለ ሥጋና የእንቁላል ነጩን ማብላት፤ ጨው ያለበት ነገር በአፏ እንዳይዞር። መርፌውን ማን ይወጋ ሲባል ጋሽ ኢስሃቅ እጃቸውን ዘረጉ። ይንቀጠቀጣል። ሁለቱም ወደኔ ዞሩ።

“መርፌ የምታውቀው እሷ ናት” አሉ ጋሽ ኢስሃቅ።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ነው። የልብስ ሰፊ እጅ መርፌ ካስገባ ማውጣት ነው የሚያውቀው። ቆዳዋን ቆንጥጬ በዚህ በኩል ወጋሁና በወዲያኛው አወጣሁት! ውሃው በሙሉ ጋሽ ኢስሃቅ ጀለቢያ ላይ ፈሰሰ። “አንቺ ሴትዮ፣ ድመት ነው ያቀረብኩልሽ ወይስ ሱሪ?” ብለው ጮኹብኝ። እኔ ደግሞ አፌን ከፍቼ አለቀስኩ። ሻሼ ብቻ ናት ዝም ያለችው። በሦስተኛው ሙከራ ገባ፤ ቆዳዋ ሥር እንደ ትንሽ ትራስ አበጠ፣ ቀስ እያለም ጠፋ።

ከሳምንት በኋላ በላች። ከአሥር ቀን በኋላ ጆንያ ላይ ወጣች። ኅዳር ሲያልቅ አንድ ጠዋት ለሙሽራ የሚሰፋ ነጭ ጨርቅ ዘርግቼ ሳለ መጥታ መሃሉ ላይ ጥቅልል ብላ ተኛች። ሜትር እንጨቴ አጠገቤ ነበር። አላነሣሁትም። ሌላ ሥራ ፈልጌ ሠራሁ። ወደድኳት፤ አልዋሽም፤ በእርጅናዋና በሕመሟ ወደድኳት።

ጋሽ ኢስሃቅ ግን አልቀናቸውም። ሐኪሟ ጨው አይንካት ስላለች ማታ ማታ እጃቸውን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጥበው ነው ሻሼ ጋ የሚቀርቡት። እንደ ልማዳቸው ጆንያ ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን ይዘረጋሉ። ሻሼ ትመጣለች፣ ታሸታለች፣ ዞር ብላ ትሄዳለች። በየቀኑ እንደዚያው።

“አላወቀችኝም” ይሉኛል። “ወይ አውቃኝ ነው።”

አንድ ማታ “የምሥራች፣ ድመት አስራ በረሃብ ስለገደለች ገሃነመ እሳት የገባች ሴት እንዳለች ታውቂያለሽ? በኛ በሙስሊሞች ዘንድ የታወቀ ነው” አሉኝ።

“ያቺ በክፋት ነው ጋሼ። እርስዎ በፍቅር ነው።”

“ለድመቷ ልዩነት አለው?”

የታጠቡበትን ውሃ ወስጄ ደፋሁላቸው።

ሥራቸውም ተለወጠ። ምንይችል የሚባል የገጠር ደንበኛችን በገበያ ቀን መጥቶ “በሬዬ ከስቷል፣ ጨው ይመዝኑልኝ” ሲላቸው ዕድሜውን ጠየቁት፤ ውሃ ያበዛል ወይ አሉት፤ ሽንቱ እንዴት ነው አሉት። ምንይችል ትዕግሥቱ አልቆ “ጋሼ፣ ጨው ነው የጠየቅሁ፣ ምርመራ አይደለም!” አለ። ገበያተኛው ሳቀ። እሳቸው ግን “መጀመሪያ ለሐኪም አሳየው፤ ጨው እኔ ጋ የትም አይሄድም” ብለው ባዶ እጁን መለሱት። “ዶክተር ኢስሃቅ” የሚል ስም ወጣላቸው። በሌላ ጊዜ ቢሆን የመጀመሪያዋ ሳቂ እኔ ነበርኩ።

አራት ወር እንዲህ ሄደ። መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት፣ ከረጢቱ ሲያልቅብን፣ ዶክተር ሰርክአዲስ በሚኒባስ ስትልክልን። መጋቢት ላይ አንድ ሐሙስ ሻሼ መብላት አቆመች። ዓርብም አልበላችም። ውሃውን በቆዳዋ ሥር ብሰጣት ቆዳዋ አልወሰደው አለ፣ አብጦ ቀረ። ቅዳሜ ከሰዓት ኔትወርክ ሲመጣ ለዶክተሯ ደወልንላት። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጆንያ ላይ አስቀመጥኩት።

“በቃ አባባ” አለች። “እናንተ የምትችሉትን አድርጋችኋል። መርፌውን አቁሙ። በሰላም የሚያሳርፍ መድኃኒት አለኝ፣ ከፈለጉ እመጣለሁ።”

“የሰጣት ጌታ ይውሰዳት ልጄ። እኔ በእጄ ያደረግሁባት ይበቃል።”

“እሺ። እንግዲያው አጠገቧ ሁኑ፣ የምትወደው ነገር ካለም ስጧት።”

“የምትወደውን?”

“ምንም ይሁን አባባ። አሁን ምንም አይጎዳትም።”

ጋሽ ኢስሃቅ ስልኩን ማየት አልተዉም፣ ከተዘጋም በኋላ። የመዝጊያ ሰዓት ደርሷል። እጃቸውን ቀድመው ታጥበው ነበር፤ ሳሙናው ይሸታል። ተነሡና አፉ ወደተከፈተው ጆንያ ሄደው ቀኝ እጃቸውን እስከ አንጓቸው ጨው ውስጥ ነከሩት። አውጥተው አራገፉት። መዳፋቸው እንደድሮው ነጭ ሆነ። ሻሼ ጆንያ ላይ መውጣት ስለማትችል እሳቸው ወደ መሬት ወረዱ፤ ያ ወፍራም ሰውነት ግድግዳ ይዞ ቀስ እያለ ተቀመጠ። መዳፋቸውን አፍንጫዋ አጠገብ ዘረጉት።

የስፌት መኪናዬን አቆምኩ።

ዓይኗን አልከፈተችም። አፍንጫዋ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ምላሷን አወጣች። አንድ ጊዜ ላሰች፣ አረፈች። ደግማ ላሰች። ድሮ ከጣት እስከ ጣት የምታዳርሰው መዳፍ አሁን መሃሉን ብቻ ነው የደረሰችው። ቆጠርኩ፣ ስድስት ጊዜ ነው። ከዚያ አገጯን እዚያው መዳፋቸው ላይ አሳረፈች፤ ጋሽ ኢስሃቅም እጃቸውን አላንቀሳቀሱም። እግራቸው ደንዝዞ፣ ሆዷ መነሣት እስኪያቆም ድረስ እንደዚያው ያዟት።

እኔ እያለቀስኩ ነበር። እሳቸው አላለቀሱም። ቀና ብለው አዩኝ።

“የምሥራች፣ አወቀችኝ” አሉ።

“አዎ ጋሼ፣ አወቀችዎት” አልኩ። ከሙሽራዋ ጨርቅ የተረፈውን ቁራጭ አምጥቼ ሰጠኋቸው። መደብሩን ያን ቀን የዘጋሁት እኔ ነኝ።